ያልተቆረጠው ዛፍ
ጄኔራል አይዘንሃወር፣ የኦገስታው ክበብ እና ውለታ የሚባለው ነገር

በጎልፍ ወዳጆች ዘንድ ተደጋግማ የምትነገር አንዲት ጨዋታ አለች። ዘመኑ 1956 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቦታው በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ኦገስታ ከተማ የሚገኘው ኦገስታ ናሽናል የተባለው የጎልፍ ክበብ ነው። የክበቡ ሰዎች ለስብሰባ ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው አንዱ ተነሡና አቤቱታ አቀረቡ። በአሥራ ሰባተኛው ጉድጓድ መንገድ በስተግራ የቆመው ትልቅ ጥድ ኳሳቸውን እየመለሰ ስላስቸገራቸው እንዲቆረጥ ጠየቁ። ሰብሳቢው ክሊፎርድ ሮበርትስ ጥያቄው ከሥርዓት ውጭ ነው አሉና ስብሰባውን እዚያው ላይ በተኑት። አቤቱታ አቅራቢው ድዋይት አይዘንሃወር ነበሩ። የኖርማንዲን ዘመቻ የመሩት ባለ አምስት ኮከብ ጄኔራል፣ በዚያን ሰዓት ደግሞ የዩናይትድ ስቴትስ ፕሬዚዳንት። ዛፉ ሳይቆረጥ ቀረ፤ «የአይዘንሃወር ዛፍ» የሚል ስምም ወጣለት።

እኔም ይህችን ጨዋታ መጀመሪያ ሳነባት ስቄአለሁ። ለምን እንደምትጥም ማወቅ አያስቸግርም። በትእዛዛቸው የሚሊዮኖች ጦር ይንቀሳቀስ የነበረ ሰው አንድ ጥድ ማስቆረጥ አቃታቸው! ሹመቱም ማዕረጉም ከክበቡ ደጅ ላይ ቀረ፤ ደንብ ለትልቁም ለትንሹም እኩል ሆነ። ስለ ክበቡ የተጻፈ መጽሐፍ ሁሉ፣ በየዓመቱ ማስተርስ የሚባለው ውድድር በደረሰ ቁጥርም ጋዜጣው ሁሉ ሳይነግራት አያልፍም። ዳሩ ግን አንዲት ጨዋታ ከስድሳ ዓመት በላይ ሳትሰለች ስትነገር፣ የሚያነብ ሰው ቆም ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። ይህች ጨዋታ ምን ትሠራለች? የምትሠራውስ ለማን ነው?

የዚህ ጽሑፍ መልስ አጭር ነው። ትንሿ እምቢታ ትልቁን እሺታ ትሸፍናለች። ክበቡ ለጄኔራሉ የከለከላቸው አንድ ነገር ጎልቶ በተነገረ መጠን፣ የሰጣቸው ብዙ ነገር ከዓይን ይሰወራል። ስለዚህ ወደ ዛፉ ከመመለሳችን በፊት ከዛፉ ኋላ ያለውን እንይ።

ከዛፉ በፊት

አይዘንሃወር የባለጸጋ ልጅ አልነበሩም። በ1890 ቴክሳስ ውስጥ ተወልደው ካንሳስ ውስጥ አቢሊን በምትባል ትንሽ ከተማ አደጉ። አባታቸው በወተትና ቅቤ ፋብሪካ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። ወታደር ከሆኑም በኋላ ዕድገታቸው ዘገምተኛ ነበር፤ በሻለቃነት ማዕረግ ብቻ 16 ዓመት ያህል ቆይተዋል። ጦርነቱ መጣና ስማቸውን ከፍ አደረገው። ከጦርነቱ በኋላ የምድር ጦር ኤታማዦር ሹም ሆነው ካገለገሉ በኋላ በፌብሩዋሪ 1948 ኃላፊነቱን ሲያስረክቡ፣ በምዕራቡ ዓለም ስማቸውን የማያውቅ አልነበረም። ዝናው እንደዚያ የገነነ ሰው ኪስ ግን የደመወዝተኛ ኪስ ነበር።

ኪሱን የለወጠው መጽሐፍ ነው። የጦርነት ትዝታቸውን ጻፉ። ደብልዴይ የተባለው አሳታሚና «ኒው ዮርክ ሄራልድ ትሪቢዩን» የተባለው ጋዜጣ የመጽሐፉን መብት ሙሉ በሙሉ፣ በአንድ ጊዜ ክፍያ፣ በ635 ሺህ ዶላር ገዙ። የአሜሪካ ግምጃ ቤት ደግሞ፣ ጄኔራሉ በሙያቸው ደራሲ አይደሉምና ሽያጩ እንደ ንብረት ሽያጭ ይቆጠርላቸው አለ። በዚህ ምክንያት የታክስ ክፍያው ሩብ ያህል ብቻ ሆነና ወደ 476 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ በእጃቸው ቀረ። በብዕሩ የሚተዳደር ደራሲ ይህን ያህል ቢያገኝ ኖሮ ከግማሽ በላዩን መንግሥት ይወስድበት ነበር። ነገሩ ሕጋዊ ነበር። ሆኖም በ1950 የአሜሪካ ምክር ቤት ቀዳዳውን ደፈነው፤ ሕጉም «የአይዘንሃወር ማሻሻያ» በሚል ስም ይታወሳል። ከእሳቸው ኋላ የመጡት ደራሲዎች የደረሳቸው ስሙ እንጂ ዕድሉ አልነበረም።

በዚህ ውል ከጋዜጣው ወገን ሆነው የተደራደሩት ዊሊያም ሮቢንሰን ይባላሉ። ሮቢንሰን የኦገስታ ናሽናል አባል ነበሩ። መጽሐፉ ተጽፎ ሲያልቅ፣ በኤፕሪል 1948 ጄኔራሉንና ባለቤታቸውን ማሚን ለዕረፍት ወደ ክበቡ የወሰዷቸው እሳቸው ናቸው። ጄኔራሉ ደርሰው ሲመለሱ ልባቸው እዚያው ቀረ። ብዙም ሳይቆይ አባል ሆኑ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። በአሜሪካ ደንብ ባለ አምስት ኮከብ ጄኔራል ጡረታ የሚባል ነገር የለውም፤ እስከ ዕለተ ሞቱ ወይም በፈቃዱ ማዕረጉን እስኪተው ድረስ በሠራዊቱ መዝገብ ላይ ነው። አይዘንሃወር ማዕረጋቸውን የተዉት ለፕሬዚዳንትነት ሊወዳደሩ በ1952 ነው። በ1951 እና በ1952 መካከልም ፓሪስ ላይ ተቀምጠው የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ጦርን በጠቅላይ አዛዥነት መርተዋል። ስለዚህ የክበቡ አባል የሆኑት ጡረተኛ ሽማግሌ ሳሉ አይደለም። የአገሪቱ አንጋፋ ወታደር ሳሉ ነው።

ክበቡ

ኦገስታ ናሽናልን ሁለት ሰዎች መሠረቱት። አንደኛው ቦቢ ጆንስ፣ በዘመኑ አቻ ያልነበረው የጎልፍ ተጫዋች ነው። ሁለተኛው ከላይ ያነሣናቸው ክሊፎርድ ሮበርትስ፣ በኒው ዮርክ ዎል ስትሪት የአክሲዮን ንግድ ሰው ናቸው። ጆንስ ስሙን ሰጠ፤ ሮበርትስ አስተዳደሩን ያዙ፤ ለአርባ ዓመት ያህልም አለቀቁትም። ቦታው ቀድሞ የችግኝ ማፍያ፣ ከዚያም በፊት የኢንዲጎ እርሻ ነበር። ሜዳው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ተከፈተ፤ ውድድሩ በ1934 ተጀመረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን ጨዋታው ቆሞ በሣሩ ላይ ከብትና የፈረንጅ ዶሮ ይረባበት ነበር። ሜዳውን መልሶ ለማደስም በአቅራቢያው ካምፕ ጎርደን ታስረው የነበሩ የጀርመን ምርኮኞች ሠርተዋል። ጄኔራሉ ገና እግራቸውን ሳያስገቡ፣ ያሸነፉት ጦር ልጆች ሜዳውን ጠርገውላቸዋል ማለት ነው።

እኛ አገር «ክበብ» ሲባል መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው የመኮንኖች ክበብ ነው። እዚያ የሚያስገባው ማዕረግ ነው፤ ማዕረጉን ያገኘ ሁሉ ይገባል። እድሩም እቁቡም ቢሆን ደጁ የታወቀ ነው፤ ጎረቤት የሆነ፣ ወርሃዊ መዋጮውን የሚከፍል አባል ይሆናል። ኦገስታ ናሽናል ከዚህ ሁሉ ይለያል። የአባልነት ማመልከቻ የሚቀበል ቢሮ የለውም። ገንዘብ አለኝ ብሎ ማንኳኳት አያስገባም። ሰው አባል የሚሆነው ሲጠሩት ብቻ ነው፤ ካልጠሩትም ለምን እንዳልጠሩት የሚነግረው የለም። የአባላቱን ዝርዝርም ክበቡ አያሳትምም። እንዲህ ዓይነት ቦታ መጠራት እንደ ሹመት ነው፤ ልዩነቱ፣ ሿሚው ማን እንደሆነ ሕዝብ አለማወቁ ነው።

ክበቡ ለአዲሱ አባል ምን አደረገላቸው? ጄኔራሉ በሁለተኛ ጉብኝታቸው ጫካውን ዞረው ሲመለሱ፣ ለግድብ የሚመች ሸለቆ አይቻለሁ፣ ዓሣ ማጥመጃ ኩሬ ቢወጣው ጥሩ ነው አሉ። ኩሬው ተሠራ፤ «የአይክ ኩሬ» ተባለ። ፕሬዚዳንት በሆኑ በመጀመሪያው ዓመት፣ በ1953፣ ለእሳቸውና ለባለቤታቸው ማረፊያ የሚሆን ቤት በክበቡ ግቢ ውስጥ ታነጸ፤ ለጠባቂዎቻቸው የሚሆን ክፍልም ተሠራበት። ሮበርትስ የግል ገንዘባቸውን ሥራ ላይ የሚያውሉላቸው አማካሪ ሆኑ። በ1952 ለምርጫ ሲቀርቡም ሮበርትስና ሮቢንሰን ለዘመቻው ገንዘብ ከሚያሰባስቡትና ምክር ከሚሰጡት ዋነኞቹ መካከል ነበሩ። በኖቬምበር ያሸነፉት ጄኔራል ድሉ በታወቀ ማግስት የበረሩት ወደ ኦገስታ ነው። በጠቅላላው 45 ጊዜ ወደዚያ ክበብ ሄደዋል፤ ከዚህ ውስጥ 29ኙ በፕሬዚዳንትነት ዘመናቸው ነው።

በኦገስታም ሆነ በሌላ ቦታ አብረዋቸው ጎልፍ የሚጫወቱ፣ ማታ ደግሞ ብሪጅ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ የሚቀመጡ ወዳጆቻቸው እነማን ነበሩ? ሮበርትስ ከአክሲዮን ገበያው፤ ሮቢንሰን ከጋዜጣው (ሮቢንሰን በኋላ፣ በ1955፣ የኮካ ኮላ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሆነዋል)፤ የኮካ ኮላው ሮበርት ውድረፍ፤ የነዳጅ ዘይት ኩባንያ መሪው አልተን ጆንስ፤ የመጠጥ ፋብሪካ መሪው ኤሊስ ስሌተር። ጄኔራሉ እነዚህን ሰዎች በፍቅር «ጓዶቼ» በሚል ዓይነት ስም ይጠሯቸው ነበር። ፓሪስ ላይ ጦር አዛዥ ሳሉም ወዳጆቻቸው ከውቅያኖስ ማዶ እየተመላለሱ ይጠይቋቸው ነበር።

ይህ ሁሉ ተደርጎላቸዋል። ዛፉ ግን አልተቆረጠላቸውም።

የተራኪዎቹ ዓይን

ይህን ታሪክ የነገሩን ሰዎች እንዴት ነገሩን? ሂስ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ተራኪ ራሳቸው ሮበርትስ ናቸው። በ1976 የክበቡን ታሪክ መጽሐፍ አድርገው አሳትመዋል። የቤቱ ጌታ ስለ ቤቱ ሲጽፍ እንግዳው ምን ያህል እንደተደሰተ መጻፉ አይፈረድበትም። ችግሩ ኋላ የመጡት ብዙዎቹ ተራኪዎች በዚያው ወንበር ላይ መቀመጣቸው ነው። ዴቪድ ኦወን በ1999 ባሳተሙት መጽሐፍ የክበቡ መዛግብት ተከፍተውላቸው ብዙ የተሳሳተ ወሬ አርመዋል። ጨካኝ ብቻ ተደርገው ይሳሉ የነበሩትን ሮበርትስን ሰው አድርገው አሳይተውናል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ መዝገብ የሚከፍት እጅ የአንባቢውንም ዓይን ይመራል። መዝገብ ውስጥ የሚገኘው ደብዳቤ፣ ደረሰኝ፣ ቃለ ጉባኤ ነው። በካርታ ጠረጴዛ ላይ ሳይባል የታወቀው ነገር ግን ቃለ ጉባኤ የለውም።

በሌላው ወገን ከርት ሳምፕሰን አሉ። በ1998 ያወጡት መጽሐፍ ከርእሱ ጀምሮ ጎልፍን፣ ገንዘብንና ሥልጣንን በአንድ ላይ ያነሣል። ብዕራቸው ስለታም ነው፤ የከተማይቱን ድሆችና ጥቁሮችም አልረሱም። ነገር ግን ይህን መንገድ የሚከተሉ ጸሐፊዎች የሚገጥማቸው አንድ ፈተና አለ። ጉቦ ፍለጋ ይወጣሉ። ይህ ኩባንያ ይህን ውል በዚህ ወዳጅነት አገኘ የሚል ወረቀት ይፈልጋሉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። ጉቦ አልነበረማ! እንግዲህ ወረቀቱ ሲጠፋ ተከላካዩ ቀና ይላል፤ አያችሁ፣ ንጹሕ ወዳጅነት ነበር ይላል፤ ከዚያም የዛፉን ጨዋታ ያወራል።

ሦስተኛው ትልቁ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ስቲቨን አምብሮዝ ናቸው። በ1983 እና በ1984 በሁለት ጥራዝ የወጣው ሥራቸው ለብዙ ዓመት ስለ አይዘንሃወር የመጨረሻው ቃል ተደርጎ ኖሯል። የሀብታሞቹን ወዳጆች ስም፣ የብሪጁንም የጎልፉንም ሰዓት እናገኝበታለን። ነገር ግን እንደ ዕረፍት፣ እንደ ጤና ጉዳይ ነው የምናገኘው፤ ከሥልጣኑ ታሪክ ጎን የተቀመጠ ሌላ ሳጥን ነው። በ2010 ደግሞ የሚያሳፍር ነገር ተሰማ። አምብሮዝ ከጄኔራሉ ጋር ብዙ ሰዓት ብቻቸውን ተቀምጠው እንደተወያዩ ሲናገሩ ኖረው ነበር፤ የፕሬዚዳንቱ የቀጠሮ መዝገብ ሲመረመር ግን ቀኖቹ አልገጠሙም፤ የተገናኙትም ካሉት እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ለእኔ ይህ የአንድ ጸሐፊ ጉድ ብቻ አይደለም። ስለ ክበብ የሚጽፍ ሰው ራሱ ወደ ክበቡ መግባት ሲያምረው ምን እንደሚሆን ያሳያል። ለታላቅ ሰው የቀረበ መሆን እንደ ሹመት በሚቆጠርበት ዓለም፣ ተራኪውም ደጅ ጠኚ ይሆናል።

ከሁሉም የጎደለው አንድ ቃል ይመስለኛል፤ ያ ቃል በአማርኛ አለ። ውለታ ነው።

ጉቦ ዋጋው የታወቀ ነው፤ ይህን ሰጥቼ ይህን እወስዳለሁ ይባልበታል፤ ሲከፈል ያልቃል። እጅ መንሻም መልኩ የታወቀ ነው፤ ትንሹ ለትልቁ ይዞ ይቀርባል፤ ሁለቱም ማን ከማን በታች እንደሆነ ያውቃሉ። ውለታ ግን ዋጋ የለውም። ዋጋ ስለሌለውም ተከፍሎ አያልቅም። ውለታ የዋለ ሰው ክፈለኝ አይልም፤ ቢል ውለታው ይፈርሳል። የተዋለለትም ሰው ማንም ሳይጠይቀው ያስታውሳል፤ የወዳጁ ጉዳይ በመጣ ቁጥር የወዳጁ ፊት ይታየዋል። በገዛ አገራችን ደጅ ጥናትን፣ ምልጃን፣ የጋብቻ ዝምድናን ያየ ሰው ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም። የአሜሪካኖቹ ተራኪዎች «ጉቦ ነበር ወይስ ወዳጅነት?» እያሉ ሲከራከሩ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ሰፊ አገር ሳያዩት ያልፋሉ።

የካፖርቱ ነገር

ይህ የእኔ ጥርጣሬ ብቻ እንዳይመስል፣ በዚያው መንግሥት የደረሰ አንድ ታሪክ ልጥቀስ። የፕሬዚዳንቱ የጽሕፈት ቤት ሹም ሸርማን አዳምስ በሴፕቴምበር 1958 ከሥልጣናቸው ለቀቁ። ምክንያቱ በርናርድ ጎልድፋይን ከተባሉ የጨርቃ ጨርቅ ባለፋብሪካ ስጦታ መቀበላቸው ነው። ስጦታው ቪኩኛ ከሚባል የደቡብ አሜሪካ እንስሳ ጸጉር የተሠራ ካፖርት፣ ምንጣፍና የሆቴል ሒሳብ ነበር። አዳምስ ስለ ባለፋብሪካው ጉዳይ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደውለው ጠይቀዋል። ጋዜጣው ጮኸ፤ ምክር ቤቱ መረመረ፤ ሰውዬው ወደቁ።

ተከላካይ ልዩነት አለው ይለኛል፤ ልክ ነው። ጎልድፋይን በመንግሥት ምርመራ ላይ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ስልኩም ተደውሏል። የኦገስታው ቤት ግን የክበቡ ንብረት እንጂ የፕሬዚዳንቱ አልነበረም። ስለ ጓዶቹ እንዲህ ያለ ስልክ ተደወለ የሚል ማስረጃ አላቀርብም። ግን ልዩነቱ ራሱ የሚያስተምረው ነገር አለ። ካፖርት ይታያል፤ ይለበሳል፤ ዋጋው ይጠየቃል። ከቦስተን የመጣ፣ ክበብ የሌለው፣ ጥድፊያ ያለበት ነጋዴ የሚሰጠው ካፖርት ነው። ክበብ ያለው ሰው ካፖርት አይሰጥም። የሚሰጠው ቦታ ነው፤ ጊዜ ነው፤ ከወዳጆች ጋር የሚያሳልፉት ምሽት ነው። ይህን የሚመዝን ሚዛን የትኛውም ምክር ቤት የለውም። ስለዚህ የካፖርቱ ሰው ሲወድቅ፣ የክበቡ ሰዎች ከሜዳቸው አልተነሡም።

ከረጢት ተሸካሚዎቹ

በዛፉ ጨዋታ ውስጥ የማይታዩ ሰዎች አሉ። የጎልፍ ዱላዎቹን ከረጢት የሚሸከሙት፣ ካዲ የሚባሉት ሠራተኞች ናቸው። በኦገስታ እነዚህ ሰዎች ጥቁሮች ነበሩ። በታላቁ ውድድር ላይ ተጫዋቾች የክበቡን ካዲዎች ትተው የራሳቸውን እንዲያመጡ የተፈቀደው በ1983 ነው። የጄኔራሉን ከረጢት ይሸከሙ የነበሩት ዊሊ ፐርቲት የሚባሉ ሰው ናቸው። ነገር ግን በመጻሕፍቱ የሚታወሱት በስማቸው ሳይሆን ጄኔራሉ አወጡላቸው በሚባለው ቅጽል ስም ነው፤ «መካነ መቃብር»። ይህም ቅጽል እንደ ዛፉ ሁሉ አስቂኝ ጨዋታ ሆኖ ይነገራል። ለዛፉ የጄኔራሉ ስም ተሰጠው፤ ሰውየው ግን የራሳቸውን ስም እንኳ አላስጠሩም።

ለጄኔራሉ ፍትሕ እንስጣቸው። ክበቡ ዘረኛ አደረጋቸው ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ እውነትም አይሆንም። በዚያው በ1948፣ ገና ከክበቡ ጋር ሲተዋወቁ፣ በሴኔቱ የጦር ጉዳይ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ጥቁርና ነጭ ወታደሮች እስከ ትንንሹ የጦር ክፍል ድረስ እንዲቀላቀሉ አልደገፉም። አስተሳሰቡን ይዘውት መጡ እንጂ ኦገስታ አልሰጣቸውም። በሌላ በኩል በ1957 በሊትል ሮክ ከተማ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ሲከለከሉ፣ የአየር ወለድ ጦር ልከው ያስገቧቸው እኚሁ ሰው ናቸው። ክበቡ ያደረገው ሌላ ነገር ነው። አስተሳሰባቸውን የሚፈትን ሰው በጠረጴዛው ዙሪያ እንዳይቀመጥ አደረገ። ጥቁር ሰው የሚታየው ከረጢት ተሸክሞ፣ ምግብ አቅርቦ፣ በር ከፍቶ ብቻ በሆነበት ቦታ 45 ጊዜ ያረፈ ሰው፣ ዓለም እንዲህ ናት ብሎ ቢረጋጋ ምን ይገርማል?

እኛንም የሚነካ አጋጣሚ አለ። ጄኔራሉ የተጠራጠሩት መቀላቀል በኮሪያ ጦር ሜዳ ላይ ሆነ፤ የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃም ከ1951 ጀምሮ ከአሜሪካ ሰባተኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ተዋጋ። በሜይ 17 ቀን 1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በትምህርት ቤቶች ጥቁርና ነጭን መለየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ። በዚያው ወር መጨረሻ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋሺንግተን ገብተው የፕሬዚዳንት አይዘንሃወር እንግዳ ሆኑ፤ በሁለቱም ምክር ቤቶች ፊት ንግግር አደረጉ። አቀባበሉ ታላቅ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ለዕረፍት የሚሄዱበት ክበብ ግን የመጀመሪያውን ጥቁር አባል ለመቀበል ከዚያ በኋላ 36 ዓመት ወሰደበት። በውድድሩ ላይ የተጫወተው የመጀመሪያው ጥቁር ሊ ኤልደር በ1975 ገባ። የመጀመሪያው ጥቁር አባል በ1990፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴቶች ደግሞ በ2012 ተጠሩ፤ ከሁለቱ አንዷ የቀድሞዋ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮንዶሊዛ ራይስ ናቸው። እንግዲህ «ደንብ ለሁሉም እኩል ነው» የሚለው የዛፉ ትምህርት ከእነማን መካከል እኩል እንደነበር ግልጽ ነው። ከአጥሩ ውስጥ ላሉት ነው።

የስንብቱ ንግግር

አይዘንሃወር ከሥልጣን ሊሰናበቱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው፣ በጃንዋሪ 17 ቀን 1961፣ ለሕዝባቸው ያደረጉት ንግግር እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ግዙፉ ሠራዊትና የጦር መሣሪያ ኢንዱስትሪው ተቆራኝተው በመንግሥት ላይ ያልተገባ ተፅዕኖ እንዳያሳድሩ አስጠነቀቁ። ተፅዕኖው ታስቦበትም ሊመጣ ይችላል፣ ሳይታሰብም ሊመጣ ይችላል አሉ። አንድ ወታደር ይህን ማለቱ ትልቅ ነገር ነው። አንዳንዶች የበሉበትን ወጪት ሰበሩ ይሏቸዋል። እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። ያስጠነቀቁት ስለ መድፍና ስለ ሮኬት ፋብሪካ ነው፤ የጎልፍ ጓዶቻቸው ደግሞ የነዳጅ፣ የጋዜጣ፣ የመጠጥና የአክሲዮን ሰዎች ነበሩ። የራሳቸው ወጪት በጠረጴዛው ላይ ሳይነካ ቀርቷል።

ሆኖም ያ «ሳይታሰብም» የሚለው ሐሳብ ከየት መጣላቸው? ማንም ሳይጠይቅ፣ ማንም ሳያስገድድ ሰው ወደ ወዳጆቹ ፍላጎት እንዴት ቀስ በቀስ እንደሚያዘነብል የሚያውቅ፣ ይህን በሕይወቱ የቀመሰ ሰው ነው። ጄኔራሉ ስለ ሌሎች ሲናገሩ ሳያውቁት ስለ ራሳቸው መሰከሩ ብል ማጋነን አይመስለኝም። ከስንብቱም በኋላ 11 ጊዜ ወደ ኦገስታ ተመልሰዋል። በ1969 ዐረፉ።

የዛፉ ፍጻሜ

ክሊፎርድ ሮበርትስ በሴፕቴምበር 1977፣ በ83 ዓመታቸው፣ ታመው ሳለ በክበቡ ግቢ ውስጥ፣ በዚያ በአይክ ኩሬ ዳር ራሳቸውን በሽጉጥ ገደሉ። ለወዳጅ የተቆፈረ ኩሬ የቆፋሪው መጨረሻ ሆነ። ይህን የማነሣው ለሐሜት አይደለም። ያ ወዳጅነት ለሮበርትስ የሒሳብ ጉዳይ ብቻ እንዳልነበረ ለማመን ይህ ይበቃኛል ለማለት ነው። ውለታ ሐሰት ስለሆነ አይደለም የሚያስፈራው፤ እውነት ስለሆነ ነው። እውነተኛ ፍቅር ያለበት ውለታ ከጉቦ ይልቅ ሥር ይሰዳል።

ዛፉም አልቆየም። በፌብሩዋሪ 2014 ከባድ የበረዶ ዝናብ ጥሎ ቅርንጫፎቹን ሰባበራቸው፤ የማይድን ሆነና ክበቡ ራሱ አስነሣው። ፕሬዚዳንት ያልቻለውን በረዶ ቻለ እያሉ ጋዜጦች ቀለዱ። ከግንዱ ላይ የተቆረጠ አንድ ቁራጭም አቢሊን ለሚገኘው የአይዘንሃወር ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ተሰጠ። ዛሬ ጎብኚ የክበቡንና የጄኔራሉን ነገር በዚያ ቁራጭ እንጨት ፊት ቆሞ ይሰማል፤ ስቆም ያልፋል።

ጨዋታዋ ትቅር አልልም፤ ደስ ትላለች። የምለው በነገሯት ቁጥር ቀጣዩን ጥያቄ አብረን እንጠይቅ ነው። ክበቡ ለጄኔራሉ ምን ከለከላቸው ብቻ ሳይሆን ምን ሰጣቸው? ጄኔራሉስ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ማንን ሳያዩ ኖሩ? ይህ ለአሜሪካ ብቻ የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም። የትም አገር ቢሆን ትልቅ መኮንን ወይም ትልቅ ሹም ስጦታ አልተቀበለም፣ ጉቦ አልበላም ሲባል ማመስገን ተገቢ ነው። ቅዳሜና እሑድን ከእነማን ጋር፣ በማን ግቢ ውስጥ እንደሚያሳልፍ ማወቅም እንዲሁ ተገቢ ነው። የተቆረጠ ዛፍ ካለ ጉቶው ይመሰክራል፤ ሳይቆረጥ የቀረው ዛፍ ግን ጥላው ሰፊ ነውና ከሥሩ የተቀመጡትን ይሸፍናል።